አልተነሳም

እዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድን ሽማግሌ «እሱ» እያልኩ ልጽፍ ነው። ደብረ ታቦር ላይ በዕድሜ የሚበልጥህን ሰው በሌለበት እንኳ «እሱ» ብለህ ብታነሳው የሰማህ ሁሉ ዘወር ብሎ ያይሃል፤ አሳዳጊ የበደለው ትባላለህ። አውቃለሁ። ፊት ለፊት ስንገናኝ አንቱ ብዬዋለሁ፣ ጎንበስ ብዬም እጅ ነስቼዋለሁ። እዚህ ግን ወረቀቱ የኔ ነው።

ሰውዬው እኔ ወጣት ሳለሁ በአንድ ዓለም አቀፍ የአትሌቲክስ ሻምፒዮና ላይ የቡድናችን መሪ ነበር። እኔ ደግሞ የመቶ ሜትር ሯጭ ነበርኩ። ስሜን ያጠፋው እሱ ነው፤ ያጠፋውም በአንድ ቃል ነው። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመት የተመኘሁት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ያ ሰው ያደረገውን በገዛ አፉ፣ አባቴ እየሰሙ እንዲናገር። አባቴ አርጅተዋል። ሳይሰሙ እንዳይሞቱብኝ ፈራሁ።

በኛ አገር ሯጭ ነኝ ስትል ሰው ወዲያው «አምስት ሺህ ነው አስር ሺህ?» ይልሃል። መቶ ሜትር ስል ግን ፊቱ ላይ ሳቅ ይመጣል። «እሱንማ መኪና ሲያመልጠኝ እኔም እሮጠዋለሁ» ያሉኝ ብዙ ናቸው። አባቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ገብስና ድንች የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስወዳደር ሊያዩኝ የመጡ ቀን ሜዳው ዳር ቆመው ጠበቁኝ። ሮጬ፣ አሸንፌ፣ እያለከለክሁ ስመጣ «አለቀ?» አሉኝ። «ለዚህ ነው ያን ሁሉ ልብስ ያወለቅኸው?» እንዲያም ሆኖ ገበያ ሲወጡ ለሰው ሁሉ «ልጄ እንደ ጥይት ነው» ይሉ እንደነበር ጎረቤት ነግሮኛል።

በአገር ውስጥ ውድድር አንደኛ ወጣሁና ለሻምፒዮናው ተመረጥኩ። ከረጅም ርቀት ሯጮች መኻል ብቸኛው ጭነ ወፍራም እኔ ነበርኩ። ሜዳሊያ እንደማላመጣ ሁሉም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። የፈለግሁት ከዓለም ፈጣኖች ጋር አንድ መስመር ላይ ተንበርክኬ፣ ሽጉጡ ሲተኮስ አብሬያቸው መነሳት ነበር። መጨረሻ ብወጣም ግድ አልነበረኝም።

በዋዜማው ከምሳ በኋላ የቡድን መሪው ባረፍንበት ሆቴል አዳራሽ ሰበሰበን። የውድድሩ ፕሮግራም ያለበት ወረቀት እሱ እጅ ላይ ብቻ ነበር። ሰዓቱ የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ እኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት የምንለውን እነሱ ዘጠኝ ይሉታል። ለረጅም ርቀት ሯጮቹ እያንዳንዱን ሰዓት ወደኛ አቆጣጠር እየመለሰ፣ ሁለት ሦስቴ እየደጋገመ፣ ቁርስ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚበሉ ሳይቀር አስረዳቸው። እኔ ጋ ሲደርስ ወረቀቱን ማጠፍ ጀምሯል።

«መቶ ሜትር፣ ዘጠኝ ሰዓት» አለ።

«ከቀኑ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ታዲያ ከሌሊቱ ልትሮጥ ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ አንዱ ነገር ይኸ ነው፤ አብሬ መሳቄ።

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ነቃሁ። በሕይወቴ ፀሐይ አልጋ ላይ አግኝታኝ አታውቅም፤ በአባቴ ቤት የሚያድግ ሰው እንደዚያ ያለ ነገር አይፈቀድለትም። ዳቦና እንቁላል በላሁ፣ የሆቴሉን ግቢ ዞርኩ፣ ሰውነቴን አፍታታሁ። ሦስት ሰዓት ላይ መኝታ ክፍሌ ውስጥ ቁጥሬን በመርፌ ቁልፍ ማሊያዬ ላይ እያያዝኩ ነበር። እንዳይጣመም ሦስት ጊዜ ነቅዬ እንደገና አያያዝኩት። ልክ በዚያች ሰዓት ስታዲየሙ ውስጥ ስሜ እየተጠራ ነበር።

ሰባት ሰዓት ላይ የተወዳዳሪዎች መጥሪያ ቦታ ስደርስ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠች ሴት ስሜን ፈለገች። ጣቷን ወረቀቱ ላይ ከላይ ወደ ታች እየነዳች አንድ ቦታ ላይ አቆመች። ከስሜ አጠገብ የሮጥኩበት ሰዓት መጻፍ የነበረበት ቦታ ላይ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ተቀምጧል። ምን ማለት ነው አልኳት። የመነሻውን መስመር በእጇ አሳየችኝና ራሷን ነቀነቀች። የማጣሪያውን ምስል በኋላ አይቼዋለሁ። ስምንት መስመር አለ፣ ሰባት ሰው ተንበርክኳል፣ አራተኛው መስመር ላይ እግር የሚደገፍበት የመነሻ ብሎክ ብቻውን ተቀምጧል። ሽጉጡ ሲተኮስ ሰባቱ ተነሱ። ምስሉን ለሁለተኛ ጊዜ ለማየት አቅም አጣሁ።

እነዚያ ሦስት ፊደላት ወደ አማርኛ ሲመለሱ «አልተነሳም» ይላሉ። ከመነሻው አልተነሳም፣ ውድድሩን አልጀመረም ለማለት ነው፤ የስፖርት ሰው ሲለው ምንም ነውር የለበትም። ነገር ግን የሬዲዮው ጋዜጠኛ «በወንዶች መቶ ሜትር ማጣሪያ የእኛ ተወዳዳሪ አልተነሳም» ብሎ ሲያነብ ደብረ ታቦር ላይ የሰማ ሰው ምን ይበል? ከአልጋው አልተነሳም ነው ያለው። ይኸም ቢሆን በአንድ አረፍተ ነገር ይታረም ነበር። ጋዜጠኛው የቡድን መሪውን በስልክ አግኝቶ ጠየቀው። እሱ ሳቀ። «እንግዲህ አልተነሳም፤ ምን ይደረጋል፣ ልጅነት ነው፣ እንቅልፍ ይጣፍጣል» አለ። ድምፁን በኋላ ቀድቼ አስቀምጬዋለሁ። ሳቁ ላይ ትንሽ ሳል አለበት።

ስመለስ አባቴ መናኸሪያ ድረስ መጥተው ጠበቁኝ። ሻንጣዬን ተቀበሉኝ። ገና ሰላም ሳንባባል «ሰዓቱን አሳስተውኝ ነው አባባ፣ አልተኛሁም» አልኳቸው። «እሺ» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም፤ ቤት እስክንደርስ ስለ ድንቹ አወሩ። ያችን «እሺ» ዓመታት ሙሉ ገለባበጥኳት። ያላመነ ሰው እሺ ነው። ልጁን ማሳፈር ያልፈለገ አባት እሺ ነው። እንደዚያ ብዬ ደመደምኩ።

የከተማው ነገር አይወራ። ፀጉሬን ልስተካከል ስገባ «ቧ! ተነሳህ እንዴ?» ይባላል። ወደ ሐሙሲት የሚሄደው ሚኒባስ ረዳት ከሩቅ ሲያየኝ «እስኪነሳ ጠብቁት!» ብሎ ይጮኻል፣ ተሳፋሪው ሁሉ ይስቃል። በሠርጌ ቀን ሚዜዎቼ በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አመጡልኝ፤ ብፈታው ደወል ያለው ሰዓት ነው። ዳሱ በሙሉ ሳቀ። ሙሽራዋም ሳቀች። ሚስቴን እወዳታለሁ፣ ያችን ሳቅ ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም።

ሩጫውን ተውኩ። የስፖርት መምህር ሆንኩ፣ በኋላም የአስጀማሪነት ሥልጠና ወሰድኩ። በዞናችን ውድድር ሲኖር ሽጉጡን የምይዘው እኔ ነኝ። ለምን አስጀማሪነትን እንደመረጥኩ ሰዎች ሲጠይቁኝ ሕጉን ስለምወድ ነው እላቸዋለሁ። ውሸት ነው። ያ ሰው አንድ ቀን እጄ ላይ እንዲወድቅ ነበር የምፈልገው። እንዴት እንደሚወድቅ ግን አላውቅም ነበር።

ባለፈው ጥር አወቅሁ። የዞኑ የትምህርት ቤቶች ውድድር ደብረ ታቦር ላይ ሊካሄድ ነው፤ እኔ የአዘጋጅ ኮሚቴ አባል ነኝ። ሰብሳቢው የክብር እንግዳውን ስም ሲጠራ የዚያ ሰው ስም ነበር፤ ሻይዬን አስቀመጥኩና «በጣም ጥሩ ምርጫ ነው» አልኩ። ከዚያም እጄን አወጣሁ። የመክፈቻው ዕለት ባለሥልጣናት ለጨዋታ ያህል መቶ ሜትር እንደሚሮጡ አስታወስኩ፤ እንግዳችን የቀድሞ ስፖርተኛ ናቸውና እሳቸውም ቢሰለፉ ለተማሪዎቹ ትልቅ መነቃቃት ነው አልኩ። በጭብጨባ ጸደቀ።

በዕለቱ አባቴን ከማለዳው አመጣኋቸው። ጆሯቸው ደከም ብሏል። ድንኳኑ ሥር፣ ትልቁ ድምፅ ማጉያ ከተሰቀለበት ምሰሶ አጠገብ ወንበር አስቀመጥኩላቸው።

«ምነው ልጄ፣ እዚህ ይጮኻል አይዶል?» አሉኝ።

«ይጩኽ አባባ፤ ዛሬ የሚነገር ነገር እንዲያመልጥዎ አልፈልግም።»

ከጉና ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ በኖራ ያሰመርነውን መስመር እያቦነነ ነበር። የክብር እንግዳው አዲስ ቱታ ለብሶ መጣ። ወፍሯል፣ ፀጉሩን አቅልሟል። ጎንበስ ብዬ እጁን ጨበጥኩና «እንኳን ደህና መጡ» አልኩት። «በርታ ወንድሜ» ብሎኝ አለፈ። አላወቀኝም። እኔ ሃያ ጊዜ በሐሳቤ አንቄዋለሁ፣ እሱ መልኬን እንኳ አልያዘውም።

ለእንግዶቹ ሩጫ አራት ሰው ተሰለፈ። ሌሎቹ ሦስቱ ቆመን እንነሳ አሉኝ፤ ፈቀድኩላቸው። የመነሻ ብሎክ ግን አራተኛው መስመር ላይ አስቀምጬ ነበር። «እርስዎ የሙያው ሰው ስለሆኑ ነው» አልኩት። ደስ አለው። ለተማሪዎቹ እጁን አውለበለበና እንደ ምንም ብሎ ተንበረከከ።

«በየቦታችሁ!» አልኩ።

ሽጉጡን ወደ ላይ አነሳሁ።

«ተዘጋጁ!»

መቀመጫውን ወደ ላይ አነሳ። ክብደቱ በሙሉ ጣቶቹ ላይ አረፈ። ሕጉ አስጀማሪው ሁሉም ጸጥ እስኪሉ ድረስ እንዲጠብቅ ያዛል፤ ሰፋ አድርጎ መተርጎም የኔ ፈንታ ነው። ጠበቅሁ። መጀመሪያ ክርኑ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ጭኑ። የቱታው ሹራብ ወደ ላይ ተሰብስቦ ወገቡ ታየ። ከተማሪዎቹ መኻል አንዱ ሳቅ አመለጠው። ከአፍንጫው ላይ ላብ ጠብ ሲል አየሁ። ጣቴ ቃታው ላይ ነው፣ አልሳብኩም። ጤነኛ አስጀማሪ በዚህ ጊዜ «ተነሱ» ብሎ ሁሉንም ያቆማቸዋል። እኔ በዚያች ሰዓት ጤነኛ አልነበርኩም፤ ደስተኛ ነበርኩ።

በመጨረሻ ክንዱ ከዳውና መስመሩን አልፎ በግንባሩ ሣሩ ላይ ተደፋ። ሽጉጡን ወደ ሰማይ ሁለት ጊዜ ተኮስኩ፤ ውድድሩ ቆሟል ማለት ነው። ከኪሴ ቀይ ካርዱን አውጥቼ ወደ አራተኛው መስመር ሄድኩና ከፍ አድርጌ ያዝኩት።

«ቀድመው ተነስተዋል!» ብዬ ጮኽኩ። «ከውድድሩ ወጥተዋል!»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ድምፅ ማጉያው ላይ ያለው አስተዋዋቂ «የክብር እንግዳችን ቀድመው ተነስተዋል!» ብሎ ደገመልኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እንደዚያ ያለ ደስታ ሮጬ አሸንፌም አግኝቼ አላውቅም። ዛሬ ድረስ ጭኑ ሲንቀጠቀጥ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ፤ ይህን ብዬ ለመጸጸት የምቀመጥ ሰው አይደለሁም።

ላነሳው መስዬ ጎንበስ አልኩና ጆሮው ሥር ነገርኩት። «ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ብለው የላኩኝ ሯጭ ነኝ። አልተነሳም ያሉኝ።»

ሣር የተጣበቀበት ፊቱን ቀና አድርጎ አየኝ። አሁን አወቀኝ።

«አሁን ንግግር ያደርጋሉ» አልኩት። «እውነቱን ይናገሩ። አባቴ እዚያ ተቀምጠዋል፤ እየሰሙ ይናገሩልኝ።»

ጉልበቱ ላይ የቀረውን ሣር አራገፈ። ተማሪዎቹ አሁንም ይስቃሉ። ፊቱ በርበሬ መስሏል። «እናገራለሁ» አለኝ። «ሁሉንም እናገራለሁ።» ሁሉንም ማለቱን ልብ አላልኩም። ደስታዬ ጆሮዬን ደፍኖት ነበር።

መድረኩ ላይ ወጣ፣ ማይክሮፎኑን ተቀበለ፣ በጽሑፍ የያዘውን ንግግር ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ይህን አስጀማሪያችሁን ታውቁታላችሁ» አለ። «እኔ መሪ ሆኜ በሄድኩበት ሻምፒዮና መቶ ሜትር ሊሮጥ ነበር። ሳይሮጥ ቀረ። ተኝቶ ነው ተባለ። አልተኛም። ወረቀቱ ላይ ዘጠኝ ይላል፣ እኔ ወደኛ አቆጣጠር ሳልመልስ ዘጠኝ ብዬ ነገርኩት። ጥፋቱ የኔ ነው። በሬዲዮም ዋሽቼበታለሁ።»

የሚያፏጩ ነበሩ፣ የሚያጉረመርሙ ነበሩ። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሲስቁብኝ የኖሩ ሰዎች አንገታቸውን ወደኔ ሲያዞሩ አየሁ። እኔ የማየው ግን አባቴን ነው። ማጉያው ሥር ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። አሁን ብሞትም ግድ የለኝም አልኩ በልቤ።

እሱ ግን አልጨረሰም። ዓይኑን ከኔ ላይ ሳይነቅል ቀጠለ።

«አስጀማሪያችሁ እውነቱ ይነገር ስላለኝ አልከፋፍለውም። የዚያኑ ዕለት ሪፖርት ጻፍኩ። እንቅልፍ ጥሎት በሰዓቱ ሳይነሳ ቀርቷል ይላል። 'ይህን አምነህ ፈርም፣ በሚቀጥለው ውድድር አንተን እወስድሃለሁ' አልኩት። አንብቦ ፈረመ። ማንም አላስገደደውም። እኔ ዋሸሁ፤ እሱም ውሸቱን በገዛ እጁ ፈረመልኝ።»

አዎ። ይህን እስካሁን አልጻፍኩትም፤ ሆን ብዬ ነው። ለሚስቴ አልነገርኳትም፣ ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። ወረቀቱን ሲሰጠኝ እጄ ላይ የረሳሁት የመርፌ ቁልፍ ነበር፤ እሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሚቀጥለው ሻምፒዮና በዓይኔ ላይ ዞረ። ፈረምኩ። ሳይወስደኝ ሲቀር ደግሞ ቂሙ በእጥፍ ሆነ፤ ፊርማዬን ገዝቶኝ ዋጋውን እንዳልከፈለኝ ያህል ጠላሁት። ያን ሁሉ ዓመት ቂሜን ይዤ ስኖር የማወራው ስለ ሰዓቱ ብቻ ነበር። ስለ ሰዓቱ ሲሆን ንጹሕ ነኝ።

ሽጉጡ እጄ ላይ እንዳለ ወደ ድንኳኑ ሄድኩ። ሰው መንገድ ለቀቀልኝ። አባቴ ሁለት እጃቸውን ምርኩዛቸው ላይ አድርገው ይጠብቁኛል።

«ሰሙት አባባ?» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ሰዓቱን ያሳሳተኝ እሱ ነው። አልተኛሁም። ይኸው ራሱ ተናገረ።»

«እሱን ድሮም አውቀዋለሁ» አሉኝ። «መናኸሪያ ላይ ነግረኸኝ የለም? እሺ አላልሁህም? ልጄ አልተኛሁም ካለኝ አልተኛም። እኔ የምጠይቅህ የፊርማውን ነው።»

ሽጉጡን ወደ ኋላዬ ደበቅሁ።

«ፈርመሃል?»

«ፈርሜያለሁ።»

ራሳቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ከኔ ላይ አነሱና ሜዳውን እያዩ ተናገሩ። ወንድማቸው፣ አጎቴ፣ ከሰው የሰማውን ይዞ ገበያ ላይ አግኝቷቸው «ልጅህ እኮ ተኝቼ ነው ብሎ በእጁ ፈርሟል አሉ» ብሏቸው ነበር። እሳቸው ሐሰት ነው አሉት። ወንድማቸው ግን ፈርሟል ብሎ ጸና። ያኔ ሰው በተሰበሰበበት፣ ልጄ በሐሰት ላይ እጁን አያኖርም ብለው በጊዮርጊስ ማሉ። ከዚያ ቀን ወዲያ ወንድማማቾቹ አልተነጋገሩም። አጎቴ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። ሲቀበር አባቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆመው እንደነበር ትዝ አለኝ፤ የተጣሉት በመሬት ድንበር ይመስለኝ ነበር፤ ጠይቄያቸውም አላውቅም።

አስተዋዋቂው የሴቶች መቶ ሜትር ተወዳዳሪዎች መስመር ላይ እንደቆሙና አስጀማሪው ወደ ቦታው እንዲመለስ በማጉያው ይጠራል። አባቴ ለመነሳት ሲሞክሩ ክንዳቸውን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ። በምርኩዛቸው ገፉት።

«ተወኝ» አሉ። «ወንድሜን ሐሰተኛ ብዬ ነው የቀበርሁት።»

ብቻቸውን ወደ በሩ ሄዱ።